ለቋሚ የሬድዮ ጣቢያ የአንቴና ከፍታ አመራረጥ፦ ቱሊ ጉሌድን እንደ ምሳሌ

መግቢያ

አንቴና ከፍ ባለ ቁጥር ግንኙነት ይሻሻላል የሚለው አባባል በሬድዮ ሥራ ላይ ካሉ ባለሙያዎች አፍ አይጠፋም። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። ከፍ ማለቱ በምን ያህል ያሻሽላል? ለየትኛው የሞገድ ጉዞ? በምንስ ዋጋ? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በስሌት መመርመርና ለአንድ የወረዳ ቋሚ ጣቢያ ተገቢ የሆነውን የምሰሶ ከፍታ ማመላከት ነው። ምሳሌ ሆኖ የተመረጠው በሶማሌ ክልል ፋፋን ዞን የሚገኘው የቱሊ ጉሌድ ወረዳ ነው። ማዕከላዊው ጣቢያ በወረዳው ከተማ ተተክሎ ከጤና ኬላዎች፣ ከአምቡላንስና ከመስክ ተሽከርካሪዎች ጋር የሚገናኝ እንደሆነ እናስብ። የሞባይል ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ ወይም በሚቋረጥበት ሰዓት አንዲት ወላድ ወደ ጅግጅጋ መላክ ሲኖርባት፣ ጥሪው መሰማቱና አለመሰማቱ የሚለየው በጥቂት ዴሲቤል ሊሆን ይችላል።

ለስሌቱ የተወሰደው የ27 ሜጋኸርዝ ባንድ ነው። ይህ ባንድ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተውና «ሲቢ ሬድዮ» በመባል የሚታወቀው ነው። ዛሬ ያሉት 40 መስመሮች ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ ይደርሳሉ፤ የሞገድ ርዝመታቸውም ወደ 11 ሜትር ነው። በአሜሪካ ማንኛውም ሰው የግል ፈቃድ ሳያወጣ ሊጠቀምበት ይችላል። በአገራችን ግን የሬድዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀም በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሚመራ በመሆኑ፣ ማንኛውም ጣቢያ ከመተከሉ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች የሚጠቀሙት በአብዛኛው የኤች.ኤፍ. እና የቪ.ኤች.ኤፍ. መገናኛ ነው። 27 ሜጋኸርዝ በሁለቱ መካከል፣ ከኤች.ኤፍ. የላይኛው ጫፍ አጠገብ ስለሚገኝ የሁለቱንም ጠባይ በአንድ ጊዜ ለማሳየት ይመቻል። የተመረጠበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የቦታው ጠባይ

የጅግጅጋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰፊ ሜዳ ተዘርግታለች። በስተምዕራብ የካራማራ ሰንሰለት ይከልላታል፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድም ይህንኑ ከፍታ አቋርጦ ያልፋል። በሜዳው ላይ የሚገናኙ ሁለት ጣቢያዎች የሚያሳስባቸው የመሬት ክበት ብቻ ሲሆን፣ ከተራራው ወዲህና ወዲያ ላሉት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የሁለቱ ችግሮች መፍትሔ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም በአንድ ረጅም ምሰሶ ይፈታሉ ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት ከፍተኛው ብክነት የሚመጣው ከዚህ ግምት ነው።

በሜዳው ላይ

የመጀመሪያው መለኪያ የሬድዮ አድማስ ነው። የከባቢ አየር መደበኛ ስብረት ታሳቢ ሲደረግ፣ የአድማሱ ርቀት በኪሎ ሜትር የአንቴናው ከፍታ በሜትር ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) በ4.12 ተባዝቶ ይገኛል። የሁለቱ ጣቢያዎች አድማስ ሲደመር አጠቃላይ ርቀቱን ይሰጣል። የተሽከርካሪው አንቴና ከመሬት 2 ሜትር ላይ ነው ብንል የእርሱ ድርሻ 5.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቋሚው ጣቢያ 5.5 ሜትር ርዝመት ያለው ቋሚ የግማሽ ሞገድ አንቴና በምሰሶው ጫፍ ላይ ቢኖረው፣ የአንቴናው መካከል ከምሰሶው ጫፍ በ2.75 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስሌቱም የተሠራው ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ነው።

አድማስ ብቻውን ግን አሳሳች መለኪያ ነው። በ27 ሜጋኸርዝ ሞገዱ በአድማሱ ላይ ድንገት አይቆምም፤ ከአድማስ ወዲህም ቢሆን ጥንካሬው በፍጥነት ይቀንሳል። ምክንያቱ ቀጥታ የሚጓዘው ሞገድና ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ እርስ በርስ መሰራረዛቸው ነው። በጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚደርሰው ኃይል በርቀቱ አራተኛ ርቢ ይወድቃል፤ በእያንዳንዱ አንቴና ከፍታ ካሬ ደግሞ ይጨምራል። ከዚህ ተነሥቶ ከፍታን በዕጥፍ ማሳደግ 6 ዴሲቤል ያስገኛል የሚለው የታወቀ ሕግ ይወጣል። አራት ዋት የነበረው አስተላላፊ አሥራ ስድስት ዋት እንደሆነ ማለት ነው።

ይህ ሕግ በዚህ ባንድ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ኬኔት ቡሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው፣ ቋሚ ፖላራይዜሽን ባለው አንቴና ዝቅተኛ ከፍታ ላይ የመሬት ገጽ ሞገድ ያይላል። ስለዚህ አንቴናው መሬት ላይ ቢቀመጥ እንኳ እንደ አንድ የተወሰነ «ዝቅተኛ ውጤታማ ከፍታ» ሆኖ ይሠራል። ይህ ከፍታ የሚወሰነው በሞገድ ርዝመቱና በአፈሩ የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲው 10፣ ኮንዳክቲቪቲው በሜትር 0.002 ሲመንስ ለሆነ ደረቅ አፈር በ27 ሜጋኸርዝ 5.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለአሸዋማ ደረቅ መሬት ወደ 4 ሜትር ይወርዳል፤ ዝናብ ለጠገበ መሬት ደግሞ ወደ 7 ሜትር ከፍ ይላል። እውነተኛው ውጤታማ ከፍታ የአካላዊው ከፍታ ካሬና የዚህ ዝቅተኛ ከፍታ ካሬ ተደምረው የድምሩ ዳግም ዘር ነው።

ከዚህ የሚከተለው አንድ ነገር በመስክ ሠራተኞች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። የተሽከርካሪን አንቴና ከ2 ሜትር ወደ 3 ሜትር ለማድረስ በጣሪያ ላይ የብረት መደርደሪያ መበየድ የሚያስገኘው ግማሽ ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህ በጆሮ አይለይም፤ ድካሙ ለሌላ ሥራ ቢውል ይሻላል።

ሠንጠረዥ 1፦ የምሰሶ ከፍታ ውጤት (27 ሜጋኸርዝ፣ ደረቅ አፈር፣ የተሽከርካሪ አንቴና 2 ሜትር)

| ምሰሶ (ሜትር) | የሬድዮ አድማስ (ኪ.ሜ.) | ከ6 ሜትር ምሰሶ አንጻር ትርፍ (ዴሲቤል) | የመብረቅ መሰብሰቢያ ስፋት (ካሬ ሜትር) |
|---|---|---|---|
| 6 | 18.0 | 0 | 3,700 |
| 12 | 21.7 | 3.6 | 8,700 |
| 18 | 24.6 | 6.2 | 15,600 |
| 24 | 27.1 | 8.3 | 24,600 |

የሠንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ የመጀመሪያው 6 ሜትር ጭማሪ 3.6፣ ሁለተኛው 2.6፣ ሦስተኛው 2.1 ዴሲቤል አስገኝቷል። በርቀት ሲተረጎም፣ ያው የድምፅ ጥራት የሚገኝበት ርቀት በመጀመሪያው ጭማሪ 23 በመቶ፣ በመጨረሻው ግን 13 በመቶ ገደማ ብቻ ያድጋል። ከዚህም ላይ የኮአክሲያል ገመዱ ቀረጥ አለ። ቀጭኑ አርጂ-58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በ100 ሜትር ወደ 8 ዴሲቤል ያባክናል፤ ወፍራሙ አርጂ-213 ከዚያ ግማሽ ያነሰ ነው። በቀጭኑ ገመድ እያንዳንዱ 6 ሜትር ግማሽ ዴሲቤል ስለሚወስድ፣ ከ18 ወደ 24 ሜትር የሚደረገው ጉዞ የሚተወው የተጣራ ትርፍ 1.6 ዴሲቤል ነው። በሬድዮ መለኪያ ላይ ያለው አንድ የኤስ ደረጃ በስምምነት 6 ዴሲቤል መሆኑ ሲታሰብ፣ ይህ የደረጃው ሩብ ገደማ ነው።

ለተጨማሪ ከፍታ የሚቀርብ አንድ እውነተኛ መከራከሪያ መኖሩን መካድ አይገባም፤ እርሱም የአካባቢ ጫጫታ ነው። የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያዎች፣ ኢንቬርተሮችና ርካሽ የባትሪ መሙያዎች በዚህ ባንድ ላይ ከባድ ሽውታ ያሰማሉ። አንቴናው ከቤቱ ጣሪያና ከገመዶቹ በራቀ ቁጥር ይህ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አንቴናውን ከጤና ኬላው ሕንፃ 15 ሜትር ወደ ጎን ማራቅም ያንኑ ሊሰጥ ይችላል፤ ወደ ጎን መራቅ ደግሞ ከወደ ላይ መውጣት እጅግ ይረክሳል። በሌላ በኩል ከፍ ያለ አንቴና ወደ አድማስ በተጠጋ ማዕዘን የበለጠ ስለሚሰማ፣ ፀሐይ ንቁ በምትሆንባቸው ዓመታት በአዮኖስፌር ተንጸባርቀው ከሩቅ አገር የሚመጡ የ27 ሜጋኸርዝ ጣቢያዎችን አብሮ ያጎላቸዋል።

ተራራው

ከተራራ ማዶ ያለ ጣቢያን በረጅም ምሰሶ መድረስ ይቻላል የሚለውን ግምት በታሰበ ምሳሌ እንፈትነው። ሁለት ጣቢያዎች 20 ኪሎ ሜትር ይራራቁ፤ በመካከላቸው፣ ልክ በግማሽ መንገድ ላይ፣ ከዕይታ መስመሩ 150 ሜትር ከፍ የሚል ሸንተረር ይቁም። በስለት ጠርዝ ስሌት መሠረት ሸንተረሩ በ27 ሜጋኸርዝ የሚያስከትለው ተጨማሪ ኪሳራ 13.3 ዴሲቤል ይሆናል። አሁን ከጣቢያዎቹ የአንዱን ምሰሶ በ12 ሜትር እናስረዝመው። መስመሩ ሸንተረሩ ላይ ከፍ የሚለው በ6 ሜትር ብቻ ነውና ኪሳራው ወደ 13.0 ዴሲቤል ይወርዳል። የአሥራ ሁለት ሜትር ብረት፣ የገመድና የሲሚንቶ ዋጋ ተራራውን በተመለከተ የገዛው ሩብ ዴሲቤል ሆነ።

ለንጽጽር ያህል፣ በ150 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የቪ.ኤች.ኤፍ. መገናኛ በዚያው ሸንተረር ላይ 19.5 ዴሲቤል ያጣል። ረጅም ሞገድ በመሰናክል ጫፍ ላይ የተሻለ ይጠመዘዛል፤ ኮረብታ በበዛበት ቦታ ዝቅተኛ ባንድ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከፍታ በእውነት የሚያስፈልግ ከሆነ ከምሰሶ ሳይሆን ከመሬቱ መወሰድ አለበት። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ለካራማራ ያን ያህል ደም የፈሰሰበት፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የተገኘው ድልም እስከ ዛሬ የሚታሰብበት ምክንያት፣ ቦታው መንገዱንም ሜዳውንም ስለሚገዛ ነው። በከፍታው ላይ የራዳር ጣቢያ የተተከለውም ስለዚሁ ነበር። ለወረዳ ጣቢያም ቢሆን ከከተማው ጠርዝ 40 ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ የሚተከል የ6 ሜትር ምሰሶ፣ በቢሮው ግቢ ውስጥ ከሚቆም የ24 ሜትር ምሰሶ ይበልጣል። እርግጥ ነው፣ ጉብታው ጥበቃ፣ ኃይልና ወደ ኦፕሬተሩ የሚወስድ መንገድ ይፈልጋል፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ምሰሶውን ግቢያቸው ውስጥ የሚያቆሙት ፊዚክሱን ስላላወቁ ሳይሆን የሚጠብቀው ዘበኛ እዚያ ስላለ ነው።

ዝቅ ማለት የሚያዋጣበት ሁኔታ

ሌላው የተራራ መፍትሔ ተራራውን ከላይ መዝለል ነው። ከ3 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ባለው የኤች.ኤፍ. ክፍል ሞገዱ ወደ ሰማይ በቀጥታ ተልኮ ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ በዙሪያው እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ቱሊ ጉሌድን፣ ጅግጅጋን፣ ሐረርንና ድሬዳዋን በአንድ አንቴና ማገናኘት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ስለሚያልፍ በአካባቢያችን በቀን የአዮኖስፌሩ ወሳኝ ፍሪኩዌንሲ ከፍተኛ ነው፤ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ግን ሽፋኑ ይናወጣል፣ የሚሠራው ፍሪኩዌንሲም ይወርዳል። ስለዚህ ለቀንና ለሌሊት የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ማስፈቀድ ግድ ይላል።

በዚህ ዓይነት ግንኙነት «ከፍ ባለ ቁጥር» የሚለው አባባል ይገለበጣል። አግድም ዳይፖል ወደ ላይ በሚገባ የሚያበራው ከመሬት ከአንድ አሥረኛ እስከ ሩብ የሞገድ ርዝመት ባለው ከፍታ ላይ ሲሆን ነው። በግማሽ የሞገድ ርዝመት ከፍታ ላይ ከመሬት የተመለሰው ሞገድ ወደ ላይ የሚወጣውን ይሰርዘዋል። በ7 ሜጋኸርዝ ይህ ከፍታ 21 ሜትር ነው፤ ዳይፖሉን በ21 ሜትር ላይ የሰቀለ መሥሪያ ቤት ናይሮቢን እየሰማ ሐረርን ሊያጣ ይችላል። በ5 ሜጋኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 60 ሜትር በመሆኑ፣ በ12 ሜትር ላይ የተሰቀለ 28.6 ሜትር ርዝመት ያለው ዳይፖል በአንድ አምስተኛ የሞገድ ርዝመት ላይ ይገኛል፤ ይህ ለተፈለገው ሥራ በጣም ተስማሚ ነው።

እንግዲህ የ12 ሜትር ምሰሶ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ለሜዳው ቀበሌዎች የሚያገለግለውን ቋሚ አንቴና ይይዛል፤ ከጫፉ ሥር ደግሞ ተራራውን ለመዝለል የሚያገለግለውን የዳይፖል መካከል ይሸከማል። ምሰሶው 24 ሜትር ቢሆን ኖሮ ዳይፖሉን ከነርዝመቱ ዝቅ አድርጎ ማሰር በተገባ ነበር።

ነፋስና መወጠሪያ

የነፋስ ጫና እንደ ፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በሰከንድ 30 ሜትር ለሚነፍስ ነፋስ፣ የጅግጅጋ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር 15 በመቶ ገደማ የሳሳ መሆኑን ቀንሰን፣ ጫናው በካሬ ሜትር 470 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በገበያ የሚገኘው ባለ 2 ኢንች የውኃ ቱቦ፣ የውጭ ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 3.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ተራ ብረት ቢሆን፣ ከመጉበጡ በፊት የሚችለው የማጠፍ ኃይል 2,000 ኒውተን ሜትር ነው። ያለ መወጠሪያ ሽቦ የቆመ የ6 ሜትር ምሰሶ ከነአንቴናው ከሥሩ ላይ 1,400፣ የ12 ሜትሩ 3,800፣ የ24 ሜትሩ 12,200 ኒውተን ሜትር ይደርስበታል። ስለዚህ 6 ሜትሩ በጠባብ ልዩነት ይቆማል፤ 12 ሜትሩ ግን ያለ መወጠሪያ ፈጽሞ መቆም የለበትም። ለ12 ሜትር በሁለት ከፍታ ላይ የታሰሩ፣ በሦስት አቅጣጫ የሚወርዱ ሽቦዎች ይበቃሉ፤ መልሕቆቹም ከምሰሶው ሥር ከ8 እስከ 9 ሜትር ይርቃሉ። የ24 ሜትር ምሰሶ መልሕቆች ግን 17 ሜትር ገደማ ስለሚርቁ ከተራ የጤና ኬላ ግቢ ይወጣሉ። ግመልና ከብት በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ከአጥር ውጭ የተዘረጋ ሽቦ ለእንስሳውም ለምሰሶውም አይበጅም፤ አንዲት ግመል አንገቷን ብታክበት መላውን ሥራ ልታፈርሰው ትችላለች።

መብረቅና የኤሌክትሪክ መስመር

የሠንጠረዡ አራተኛ ዓምድ በመብረቅ መከላከያ ስሌት ከተለመደው ቀመር የተገኘ ነው፦ ለብቻው የቆመ ምሰሶ ከከፍታው ሦስት ዕጥፍ በሆነ ሬዲየስ ክብ ውስጥ የሚወድቀውን መብረቅ ወደ ራሱ እንደሚስብ ይቆጠራል። ከፍታው የሚለካው እስከ አንቴናው ጫፍ ነው። ከ12 ወደ 24 ሜትር ስንሄድ የሬድዮው ትርፍ 4.7 ዴሲቤል ሲሆን፣ የመብረቁ ዕድል በ2.8 ዕጥፍ ያድጋል። በአካባቢው ዝናብ በሁለት ወቅት፣ በፀደይና ካረን በሚባለው የክረምት ዝናብ፣ ከነጎድጓድ ጋር ስለሚመጣ ይህ የወረቀት ሥጋት አይደለም። የምሰሶው ሥር በመዳብ ዘንግ ከመሬት ጋር መታሰር፣ ገመዱም ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት በመብረቅ መከላከያ በኩል ማለፍና ያው የመሬት ሽቦ ላይ መያያዝ አለበት። ደረቅ አፈር ደካማ አስተላላፊ በመሆኑ አንድ ዘንግ ብቻውን አይበቃም።

የመብረቅ ጉዳይ ብዙ ይነገርለታል፤ በተከላ ጊዜ ሰው የሚገድለው ግን በአብዛኛው ሌላው ነው። በአሜሪካ የሲቢ አንቴና ሲተክሉ ወይም ሲያወርዱ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር በማነካካት ብዙ ሰዎች በመሞታቸው፣ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1982 ለቋሚ ጣቢያ አንቴናዎች የኢንሱሌሽን ደረጃ አወጣ። በደረጃው መሠረት አንቴናው እስከ 14,500 ቮልት ካለው መስመር ጋር ቢነካካ የያዘውን ሰው መጠበቅ ይኖርበታል። ይህ ቁጥር በአገራችን ሲመዘን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የመካከለኛ ኃይል ማከፋፈያ መስመሮች በአብዛኛው 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ናቸው። በ15 ኪሎ ቮልቱ አንድ ሽቦ ከመሬት አንጻር ያለው ቮልቴጅ 8.7 ኪሎ ቮልት ስለሆነ ከደረጃው በታች ነው፤ በ33 ኪሎ ቮልቱ ግን 19 ኪሎ ቮልት ስለሚደርስ ያንን ደረጃ ያሟላ አንቴና እንኳ ዋስትና አይሰጥም። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ያለ የደኅንነት ማኅተም የሚናገረው ስለመጣበት አገር መስመር ነው።

የአሜሪካ ደንብ ለሲቢ አንቴና ጫፍ የፈቀደው ጣሪያ ከመሬት 60 ጫማ፣ ማለትም 18.3 ሜትር ነው። የ12 ሜትር ምሰሶ ከ5.5 ሜትር አንቴና ጋር 17.5 ሜትር ስለሚሆን ከዚህ በታች ይወድቃል። ያው ደንብ በአየር ማረፊያ አቅራቢያ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ርቀት ከማኮብኮቢያው ከፍታ በላይ 1 ሜትር ብቻ ይፈቅዳል፤ በቱሊ ጉሌድ ሳይሆን በጅግጅጋ ገራድ ዊልዋል አየር ማረፊያ ዙሪያ ለሚተክል ሰው ይህ መለኪያ የሲቪል አቪዬሽንን ፈቃድ ባይተካም መነሻ ግምት ይሆነዋል።

ለቱሊ ጉሌድ ጣቢያ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የ12 ሜትር ምሰሶ፣ በአርጂ-213 ገመድ፣ ከሕንፃው ተነጥሎ፣ መልሕቆቹ በግቢው አጥር ውስጥ ሆነው ነው። ቦታው ሲመረጥ በመጀመሪያ የሚለካው ከቅርቡ የኤሌክትሪክ መስመር ያለው ርቀት ሲሆን፣ የጠቅላላ ከፍታው አንድ ተኩል ዕጥፍ፣ ማለትም ቢያንስ 26 ሜትር መሆን ይኖርበታል። ግቢው ይህን ካልፈቀደ ምሰሶው ወደ 6 ሜትር ይቀነሳል፤ ያን ጊዜ ጫፉ 11.5 ሜትር፣ የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የሚጠፋው 3.6 ዴሲቤልም በወፍራሙ ገመድ በከፊል ይካካሳል።